ልጁ የሚያነብለት አባት

በዚህ አምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ትምህርት ቤት ስብሰባ፣ ስለ ቤት ኪራይ ውል፣ ስለ ኤሌክትሪክ ሂሳብና እነዚህን ስለመሳሰሉት ጉዳዮች ነው። ዛሬ ግን ልጆቻችን በር ዘግተው ስለሚጫወቱት የቴሌቪዥን ጨዋታ ልናወጋችሁ ተነሥተናል። «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለውና ነው?» የምትሉ አትጠፉም። እኛም ከጥቂት ጊዜ በፊት እንደዚሁ እንል ነበር።

ነገሩ የጀመረው በሐኑካ ሰሞን ነው። ትልቁ ልጃችን አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ትምህርቱን ጨርሷል፤ ሠራዊት ለመግባት ሦስት ወር ቀርቶታል። በበጋው ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ገዛና ሳሎን ካለው ቴሌቪዥን ጋር አገናኘው። ከዚያ በኋላ ልጁ ከእኛ ጋር ነበር ለማለት ያስቸግራል። አካሉ ሶፋው ላይ ነው፤ ልቡ ግን ሌላ አገር ነው። «እራት ቀርቧል» ስንለው «ሬጋ» ይለናል። ሬጋ ማለት «አንድ አፍታ» ማለት እንደሆነ በኡልፓን ተምረናል፤ የእሱ ሬጋ ግን አንድ ሰዓት ይፈጅ ነበር።

አንድ ቀን የጨዋታውን ስም ጠየቅነው። «ጋድ ኦፍ ዋር» አለን። በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ስንጠይቀው ትንሽ አሰበና «የጦርነት አምላክ» ብሎ ተረጎመልን። በጣም ደነገጥን። አባቶቻችን አንድ አምላክ ብለው ስንት መከራ የተቀበሉበት እምነት እያለ፣ እዚህ ከደረስን በኋላ በሳሎናችን ውስጥ «የጦርነት አምላክ»? ማሽኑን ነቅለን ልንጥል ተነሣን። ልጁም ሳይቆጣ «አባ፣ እማ፣ መጀመሪያ አንድ ሰዓት አብራችሁኝ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ከፈለጋችሁ ጣሉት» አለን። ሳይሰሙ መፍረድ ደግ አይደለምና ታናሽ እኅቱን አስተኝተን አብረነው ተቀመጥን። አንድ ሰዓት የተባለው ነገር ብዙ ምሽት ሆነ።

እንግዲህ ያየነውን በቅደም ተከተል እንንገራችሁ።

ጨዋታውን የሠራው በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ የሚገኝ ሳንታ ሞኒካ ስቱዲዮ የሚባል የሶኒ ክፍል ነው። ለገበያ የቀረበው በኤፕሪል 2018 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በዲሴምበር «ዘ ጌም አዋርድስ» በተባለው የሽልማት ሥነ ሥርዓት የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተብሏል። በዚሁ ስም የመጀመሪያው ጨዋታ የወጣው በ2005 ነበር። የዚያኛው ታሪክ የተወሰደው ከጥንት ግሪኮች አፈ ታሪክ ነው። ዋናው ሰው ክሬቶስ ይባላል፤ የስፓርታ ወታደር ነበር። አሬስ በሚባለው የግሪኮች የጦርነት ጣዖት ተታልሎ ሚስቱንና ሴት ልጁን በገዛ እጁ ገደለ። የእነርሱ አመድ ከቆዳው ላይ አልለቅ ስላለ መልኩ እንደ አመድ ነጣ። ከዚያም ለበቀል ተነሥቶ አማልክት የተባሉትን እያሳደደ ፈጀ፤ አገሩም አብሮ ጠፋ።

የ2018ቱ ታሪክ የሚጀምረው ይህ ሰው አገሩን ትቶ ወደ ሰሜን፣ በረዶ ወደሚበዛበት አገር ከተሰደደ በኋላ ነው። እዚያ ያለፈ ታሪኩን ደብቆ ይኖራል። ሌላ ሚስት አግብቶ አትሬየስ የሚባል ወንድ ልጅ ወልዷል። ጨዋታው ሲከፈት ሚስቱ ሞታለች፤ አባትና ልጅ ሬሳዋን ለማቃጠል እንጨት ሲቆርጡ እናያለን። የመጨረሻ ቃሏም «አመዴን በዓለማት ሁሉ ካለው ከፍተኛ ተራራ ጫፍ ላይ በትኑልኝ» የሚል ነው። በእኛ ዘንድ ሬሳ ማቃጠል ጨርሶ የማይታሰብ ነገር ነው። የሟች ኑዛዜ ምን ያህል እንደሚከብድ ግን እናውቃለን። ጨዋታው በሙሉ ያንን ኑዛዜ ለመፈጸም የሚደረግ ጉዞ ነው።

ስለ ጣዖቱ ጉዳይ የተረዳነውን እዚህ ላይ እንግለጽ፤ ብዙ ወላጆች የሚፈሩት ይህንኑ ነውና። በጨዋታው የሚጠሩት ኦዲን፣ ቶር፣ ባልዱር፣ ፍሬያ የሚባሉት ስሞች የስካንዲኔቪያ ሰዎች ክርስትናን ከመቀበላቸው በፊት ያመልኳቸው የነበሩ ጣዖታት ናቸው። ታሪካቸው እስከ ዛሬ ሊደርስ የቻለው በ13ኛው መቶ ዘመን በአይስላንድ፣ ስኖሪ ስቱርሉሶን የተባለው ጸሐፊና ሌሎችም በመጽሐፍ ስላኖሩት ነው። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ከእነዚህ መጻሕፍት ወስደው እንደሚፈልጉት ለውጠውታል። ልጁም ቢሆን እነዚህን ስሞች ሲጠራ እኛ በልጅነታችን ስለ ጅብና ስለ ጭራቅ ተረት እንደምንሰማው ዓይነት ነው። እንዲያውም ጨዋታው አማልክት የሚባሉትን ሲያሞግስ አላየንም። ኦዲን ተንኮለኛ፣ ቶር ጨካኝ ተደርገው ነው የሚነገርላቸው። ለዚያ ጣዖት ስገድ የሚል ነገር የለበትም። ፍርሃታችን በዚህ በኩል ቀነሰ።

በሌላ በኩል ግን ያልጠበቅነው ነገር አገኘን። ይኸውም ክሬቶስ በዚያ አገር ስደተኛ መሆኑ ነው። ኃይለኛ ነው፣ መጥረቢያውን ወርውሮ ግዙፍ ጭራቅ ይጥላል፤ ነገር ግን በግድግዳና በድንጋይ ላይ የተጻፈውን የአገሩን ፊደል ማንበብ አይችልም። የሚያነብለት ትንሹ ልጁ ነው። ልጁ ከእናቱ ቋንቋውን ተምሯል። አንድ የተዘጋ በር ላይ ሲደርሱ አባትየው ዝም ብሎ ይቆማል፤ ልጁ ወደ ፊት ይራመድና አንብቦ ይነግረዋል። አባትየው አያመሰግነውም። ፊቱን አጥቁሮ መንገዱን ይቀጥላል። ብዙውን ጊዜ ልጁን በስሙ እንኳ አይጠራውም፤ «አንተ ልጅ» ነው የሚለው።

ይህን ባየን ጊዜ ሳቅን። ማን እንደሆነ ወዲያው አውቀነዋል። እኛም ባንክ ቤት፣ ፖስታ ቤት፣ ኩፓት ሖሊም ስንገባ ልጃችንን ከትምህርት ቤት አስቀርተን ከፊታችን እናቆመው ነበር። የውኃ ሂሳብ ሲመጣ የሚያነበው እሱ ነው። አስተማሪው ስለ እሱ ጥፋት የጻፈውን ደብዳቤ እንኳ ያነበበልን እሱ ራሱ ነበር። (ያን ደብዳቤ እንዴት አሳምሮ እንዳነበበልን ሌላ ጊዜ እንነግራችኋለን።) ስለዚህ በጨዋታው እየሳቅን «ይህ ልጅ ልክ እንዳንተ ነው» አልነው።

እሱ አልሳቀም። መቆጣጠሪያውን ጭኑ ላይ አስቀመጠና ከስምንት ዓመት በፊት የሆነውን ነገር አነሣ።

እስራኤል በገባን በስድስተኛው ወር፣ ገና በመርከዝ ክሊታ ሳለን፣ አያቱ ታመሙ። ሆስፒታል ወሰድናቸው። ልጁ ያኔ አሥር ዓመቱ ነበር፤ ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሞ ዕብራይስጥ የለመደው እሱ ስለሆነ ከሐኪሙ ፊት አቆምነው። ሐኪሙ ረጅም ጊዜ ተናገረ። ልጁ ግን የተረጎመልን አጭር ነበር፤ «ዕረፍት ያድርጉ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውሰዱ ብሏል» አለን። እኛም ተመስገን ብለን ይዘናቸው ተመለስን። ከሃያ ቀን በኋላ ዐረፉ። በሌላ ከተማ የሚኖሩት ወንድማቸው እንኳ በሕይወት ሳሉ አልደረሱባቸውም። እኛም የሞት ነገር ድንገት ነው ብለን ተጽናናን።

ልጁ አሁን እንዲህ አለን፦ «ሐኪሙ ያለው ከአንድ ወር በላይ አይቆዩም፣ ዘመዶቻችሁን ሰብስቡ ነው። ቃሉ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ሁሉንም ሰምቼዋለሁ። በአማርኛ ለእናንተ ለመናገር አፌ እምቢ አለኝ።»

ከሁለታችን አንዳችን አለቀስን፤ አንዳችን ቃል አጣን። አሥር ዓመት ያልሞላው ያህል ትንሽ ልጅ፣ የአያቱን ሞት ከእኛ ቀድሞ አውቆ፣ ሃያ ቀን ሙሉ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ ሲያጫውታቸው፣ እኛ ግን ምንም አላወቅንም ነበር። ከዚያ በኋላም ስምንት ዓመት ብቻውን ተሸክሞታል። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ፣ ያን ሸክም በትከሻው ላይ የጫንነው እኛ እንደሆንን ነገርነው። ያመነን አይመስለንም። በማግስቱ ደግመን ነገርነው። በዚያ ምሽት ጨዋታው አልቀጠለም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ቴሌቪዥኑን የከፈትነው እኛ ነን። በዚህ ጊዜ መቆጣጠሪያውን ለእኛም ሰጠን። አንባቢያን ሆይ፣ ይህ ነገር ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። በእጃችን ስንይዘው ግን ክሬቶስን ከግድግዳ ጋር እያጋጨን መንገድ አሳጣነው። አንዱ ቁልፍ ይመታል፣ አንዱ ይከላከላል። መጥረቢያው ከተወረወረ በኋላ ሦስት ማዕዘን ምልክት ያለበትን ቁልፍ ሲጫኑት እየበረረ ወደ እጅ ይመለሳል፤ እጅ ላይ ሲያርፍም መቆጣጠሪያው ይንቀጠቀጣል። አራት ማዕዘን ምልክት ያለበትን ሲጫኑ ደግሞ ልጁ ቀስቱን ይወረውራል። እኛ አባትየውን ብቻ እያንቀሳቀስን ስንጨነቅ ልጃችን «ልጁንም እዘዙት እንጂ፣ ብቻችሁን አትችሉም» እያለ ይስቅብን ነበር።

ከሁሉ በላይ የወደድነው የጀልባው መንገድ ነው። አባትና ልጅ ሰፊ ሐይቅ ላይ ሲቀዝፉ ተረት ይነጋገራሉ። ሚሚር የሚባል፣ ጭንቅላቱ ብቻ የቀረ አንድ ዐዋቂ ሰው በክሬቶስ ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ አብሯቸው ይጓዛል፤ የአገሩን ወሬ ሁሉ እሱ ያወራቸዋል። ክሬቶስም አልፎ አልፎ ከአገሩ ያመጣውን ተረት ይሞክራል፤ የኤሊና የጥንቸል ሩጫ አንዱ ነው። ነገር ግን ተረት አያውቅበትም። ባጭሩ ጀምሮ ባጭሩ ይጨርሰዋል፤ ልጁም ቅር ይለዋል። እኛም እርስ በርሳችን ተያየን። ከመጣን ጀምሮ ለልጆቻችን «ተረት ተረት» ብለን የተቀመጥንበትን ምሽት ብንቆጥር ስንት ይሆናል? ከሥራ ደክመን እንገባለን፣ የምንላቸውም «በላችሁ? ተኙ» ብቻ ነው።

የታሪኩ ዋና ቋጠሮ አባትየው የደበቀው ነገር ነው። ማን እንደነበረና ምን እንዳደረገ፣ የአማልክት ዘር መሆኑንም ለልጁ አልነገረውም። ልጁ አባቱ የሚንቀው ይመስለዋል፤ በውስጡም የማያውቀው ነገር ስላለ ታሞ ይወድቃል። አባትየው እሱን ለማዳን ሲል ከቤቱ ወለል ሥር የቀበረውን የድሮ መሣሪያውን ለማውጣት ይገደዳል። በኋላም እውነቱን ከፊሉን ይነግረዋል። ልጁ ግን አምላክ ነህ መባሉን ሲሰማ ይታበያል፣ ሰው ይንቃል፣ የተሸነፈ ጠላት ይገድላል። ከዚህ የምንረዳው፣ ለልጅ እውነቱን መደበቅም፣ ሳያዘጋጁ በግማሽ መንገርም ጉዳት እንዳለው ነው።

ሌላም እናት አለች፤ ፍሬያ ትባላለች። ልጇ ባልዱር እንዳይሞትባት ብላ ምንም ነገር እንዳይጎዳው አድርጋ በአስማት አሰረችው። ልጁ ከጉዳት ዳነ፤ ነገር ግን የምግብ ጣዕም፣ የፀሐይ ሙቀት፣ የእጅ ዳበሳ አይሰማውም። በዚህም እናቱን እስከ ሞት ጠላት። በጥንቱ አፈ ታሪክም እናቱ ከፍጥረት ሁሉ ልጇን እንዳይጎዱት መሐላ ስትቀበል አንዲት ተክል ሳታስምል ተወች፤ ሞቱም በዚያችው ተክል መጣ ይባላል። ልጆቻችን ከደጅ እንዳይወጡ፣ ጓደኛ እንዳያበዙ፣ ከእኛ ሌላ ሰው እንዳያምኑ የምናስጨንቃቸው ወላጆች ብናስብበት መልካም ነው።

የጨዋታው ዳይሬክተር ኮሪ ባርሎግ የሚባል ሰው ነው። ራሱ አባት መሆኑ ይህን ታሪክ እንዲህ አድርጎ እንዲሠራው እንደገፋፋው ተናግሯል። እኛም አልገረመንም። ልጅ ያላሳደገ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ከየት ያመጣዋል?

መጨረሻው እንዲህ ነው። ወደ ተራራው ጫፍ ይደርሳሉ። እናቲቱ የዚያ አገር ግዙፋን ከሚባሉት ወገን እንደነበረች፣ ልጁንም በራሷ ወገን ስም ሎኪ ብላ ጠርታው እንደነበር በግድግዳ ላይ ከተሣለው ሥዕል ያውቃሉ። አመዷንም አብረው ይበትናሉ። አባትየው ደግሞ አትሬየስ የሚለውን ስም ለምን እንዳወጣለት ይነግረዋል፦ በስፓርታ የሚያውቀው፣ በመከራ ጊዜ እንኳ ደስታውን ያላጣ፣ ጓደኞቹን ያጽናና የነበረና ሌሎችን ለማዳን የሞተ ወታደር ስም ነው። ልጁ እንግዲህ ሁለት ስም አለው፤ አንዱ ከአባቱ አገር፣ አንዱ ከእናቱ አገር።

ልጃችን እዚህ ላይ ዘወር ብሎ «የእኔንስ ስም ማን አወጣው?» ሲል ጠየቀን። አንባቢያን እንደምታውቁት ብዙዎቹ ልጆቻችን እዚህ አገር በትምህርት ቤት የሚጠሩበት የዕብራይስጥ ስም አላቸው። የእኛም ልጅ ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ የሚጠራው በዚያ ነው። በአማርኛ የወጣለት ስም «ተስፋ» የሚል ቃል ያለበት ነው። ያንን ስም ያወጡለት አያቱ ናቸው። ጎንደር ከተማ ተቀምጠን «ዘንድሮ እንገባለን፣ ለከርሞ እንገባለን» እያልን በምንጠብቅበት ጊዜ ነው የተወለደው። ሌላው ሰው ተስፋ በቆረጠበት ወር እሳቸው ሕፃኑን ታቅፈው ስሙን ጠሩት። ይህን ለልጃችን ነግረነው አናውቅም ነበር። ያሳለፍነውን ችግር ላለማንሣት ስንል ስሙንም አብረን ቀብረነዋል። እሱ እኛን ለማዳን ሲል አንድ ነገር ደበቀን፤ እኛም እሱን ለማዳን ብለን ብዙ ነገር ደብቀነዋል።

ውድ ወላጆች፣ ይህን ስንጽፍ ልጆቻችሁን ቀኑን ሙሉ ጨዋታ ላይ አስቀምጧቸው ማለታችን አይደለም። ከተማርነው ጥቂቱን እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ በጨዋታው ሣጥን ላይ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ። በአውሮፓው ምልክት 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 የሚሉ ቁጥሮች አሉ፤ ከዚያ ዕድሜ በታች ላለ ልጅ አይሆንም ማለት ነው። ይህ የነገርናችሁ ጨዋታ 18 የሚል አለበት፤ በእውነትም ደም መፋሰስ፣ መቆራረጥና ጸያፍ ቃል ይበዛበታል። ለትልቁ ልጃችን ፈቀድን እንጂ ታናሽ እኅቱ ባለችበት አይከፈትም። ዕብራይስጥ ባታነቡም ቁጥር ማንበብ ትችላላችሁ።

ሁለተኛ፣ ማሽኑ ሳሎን ይሁን እንጂ መኝታ ክፍል አይግባ። ሰዓቱንም አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። እኛ ቤት ዓርብ ሻማ ሳይበራ ይጠፋል፤ ሰንበት እስኪወጣም አይነካም። በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ሦስተኛ፣ ከመከልከላችሁ በፊት አንድ ሰዓት አብራችሁ ተቀመጡ። «ይህ ማን ነው? ለምን ተጣሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። አፉን ዘግቶ የነበረ ልጅ ስለሚወደው ነገር ሲጠየቅ ይናገራል፤ ከዚያም ሌላውን ያስከትላል።

አራተኛው ከጨዋታ ጋር አይገናኝም፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን እሱ ነው። ልጃችሁን በሐኪም ፊት አስተርጓሚ አታድርጉት። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ መሠረት የጤና ተቋማት ለሕመምተኛው በሚገባው ቋንቋ አገልግሎት እንዲያመቻቹ ይጠበቅባቸዋል። «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። አማርኛ የሚችል መጋሼር ወይም ነርስ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ጊዜ የለም ቢሏችሁ ደግማችሁ ጠይቁ፤ አትፈሩ። የውኃ ሂሳብ ልጅ ቢያነብ ምንም አይደለም። የሞትን ወሬ ግን ልጅ አይሸከምም።

ልጃችን በማርች ወር ሠራዊት ገባ። ከመግባቱ በፊት በኖቬምበር 2022 የወጣውን ሁለተኛውን ክፍል፣ «ራግናሮክ» የሚባለውን፣ አብረን ጀመርን። በዚያኛው ልጁ አድጓል፤ የራሱን መንገድ መሄድ ይፈልጋል፤ አባትየውም ልጁን መልቀቅ ይማራል። መጨረሻው ላይ እንደሚለያዩ ልጃችን አስቀድሞ ነግሮናል፤ ስለዚህ ለመጨረስ አልቸኮልንም። ለዕረፍት በመጣ ጊዜ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ ቡና ተፈልቶ ትንሽ ትንሽ እንቀጥላለን። መጥረቢያውን አሁን ያለ ችግር እንወረውራለን። የተጻፈውን ግን እስካሁን የሚያነብልን እሱ ነው፤ ሲያነብም ምንም ሳያስቀር እንዲያነብልን ቃል ገብቶልናል።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።